ለፋይበርግላስ ቁርጥራጭ ዋጋ ይውጣለት

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ገዢ የማይገዛው ነገር ጥቂት ነው። ያረጀ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ባዶ ጠርሙስ ይገዛል፤ የተሰበረ ጀሪካን፣ ያለቀ ጫማ፣ የተበጠሰ ሽቦ ሳይቀር በሚዛን ወይም በዓይን ግምት ይወስዳል። የወሰደውም ወደ መርካቶ ወርዶ፣ በምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦና ተበይዶ፣ ምድጃና ባልዲ ሆኖ ለገበያ ይመለሳል። ከመኪና ጎማ ጫማ፣ ከበርሜል ምድጃ የሚሠራባት አገር ስለ ውዳቂ ጥቅም ከማንም ትምህርት መለመን አያስፈልጋትም። ይሁን እንጂ ይኸው ገዢ የዘበኛ ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ወይም የመኪና መከላከያ ከፋይበርግላስ ከሚሠራበት ግቢ በር ሲደርስ፣ በጥግ የተከመረውን ቁርጥራጭ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ቢወስደው የሚሸጥለት ሰው የለምና ነው።

ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለከተማው ጽዳት ሠራተኞች ትቶ ማለፍ በተቻለ ነበር። ግን የንግድ ጉዳይም ነው። በፋይበርግላስ ሥራ ላይ የሚውለው ሬዚን፣ ባለሙያዎች ማት የሚሉት የመስታወት ክር ምንጣፍ፣ የላይኛውን ቀለምና ልስላሴ የሚሰጠው ጄልኮት፣ እንዲሁም ማጠንከሪያው፣ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጁላይ 2024 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳይፈጸም ከ120 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት አንድ ኪሎ ውዳቂ የሚያስከትለው ኪሳራ በብር ሲታሰብ ዛሬ በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መለስተኛ ፋብሪካ በወር 1,000 ኪሎ ሬዚንና ማት የሚፈጅ ቢሆን፣ ከዚህም ውስጥ ከመቶው ዐሥሩ በጠርዝ ቁርጥራጭ፣ በባልዲ ውስጥ በሚጠነክር ትርፍና በተበላሸ ሥራ ቢወድቅ፣ የወደቀው 100 ኪሎ ነው። ኪሎው ግቢ እስኪደርስ በአማካይ 400 ብር ፈጅቷል ተብሎ ቢገመት፣ በወር 40,000 ብር፣ በዓመትም 480,000 ብር በግቢው ጥግ ተከምሯል። ቁጥሮቹ ለአስረጂነት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለፋብሪካ ከራሱ መዝገብ ያለውን በቦታቸው ተክቶ ሊያሰላው ይችላል። ነገር ግን ይህን ስሌት መሥራት ልማድ አልሆነም። ቁርጥራጩን ለማስጣል የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ወጪ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ቁርጥራጩ ራሱ የተገዛበት ገንዘብ በምርቱ ዋጋ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ የዘበኛ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ለመስኮትና ለበር ተቈርጦ የተጣለውንም ግድግዳ አብሮ ይገዛል።

ይህ ቁርጥራጭ ለምን ሥራ ፈት ሆኖ እንደ ቀረ ለመረዳት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጀሪካን ቢሰበር ተፈጭቶና ቀልጦ እንደገና ጀሪካን ወይም ወንበር ይሆናል። ሬዚን ግን ማጠንከሪያው ከተጨመረበት በኋላ የሚደርስበት ለውጥ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ቢያሞቁት አይቀልጥም፤ ይከስላል፣ ይጨሳል። በዚያም ላይ የመስታወት ክር በውስጡ ተጋግሮበታል፤ በእጅ በሚለበጥ ሥራ ከክብደቱ ሲሶ ገደማው መስታወት፣ የቀረው ሬዚን ነው። ለታንከሩ ጥንካሬና ረጅም ዕድሜ የሰጠው የሁለቱ አለመለያየት ነው፤ ውዳቂውንም ለማንም የማይመች ያደረገው ይኸው ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍጨት ነው። ወፍጮ ተገዝቶ፣ ቁርጥራጩ ዱቄት ሆኖ፣ ዱቄቱ ከአዲስ ሬዚን ጋር ተደባልቆ እንደገና ቢሠራበት ምን ይጎድላል? አሳቡ መልካም ይመስላል፤ በሌላው ዓለምም በትልቅ ገንዘብ ተሞክሯል። በጀርመን አገር የፋይበርግላስ የመኪና አካል አምራቾችና የጥሬ ዕቃ አቅራቢዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተባብረው «ኤርኮም» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ቁርጥራጭ እየሰበሰበ፣ እየፈጨና እያበጠረ፣ ዱቄቱንና አጭሩን ክር ለፋብሪካዎች ይሸጥ ነበር። በካናዳም «ፊኒክስ ፋይበርግላስ» የተባለ ኩባንያ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ ነበር። የካናዳው በ1996 ሥራውን አቆመ፤ የጀርመኑም በ2004 ተዘጋ። ሁለቱም የተዘጉት ማሽኑ አልፈጭ ብሎ ወይም ዱቄቱ ጥራት አጥቶ አልነበረም።

ያሸነፋቸው የኖራ ድንጋይ ነው። የሬዚን ሥራ መሙያ ዱቄት ይፈልጋል፤ ለዚህም አገልግሎት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በየትም አገር በርካሽ ይገኛል። የተፈጨ ፋይበርግላስ ለመሰብሰብ፣ ለመለየት፣ ለመፍጨትና ለማበጠር የሚጠይቀው ወጪ ተደምሮ ከኖራው ዋጋ በላይ ሆነ። በዚያም ላይ የፋይበርግላስ ዱቄት ሬዚን አብዝቶ ስለሚመጥ ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ርካሽ ይሆናል የተባለው መሙያ ውዱን ሬዚን ይጨምር ዘንድ ያስገድዳል። በኢትዮጵያም የኖራ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ በመብራት ኀይል የሚዞር ወፍጮ ገዝቶ ከኖራ ጋር ዋጋ ለመወዳደር መነሣት፣ ሌሎች በብዙ ገንዘብ የተማሩትን ትምህርት እንደገና ከፍሎ መማር ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ በፋይበርግላስ ቁርጥራጭ ውስጥ ገንዘቡ ያለው በቅርጹና በክሩ ርዝመት ነው። ቁራጩ ሰፊ ሆኖ ሳለ ሳንቃ ነው፤ ሲቈራረጥ ማጠናከሪያ ነው፤ ሲፈጭ ግን ከኖራ ጋር እኩል ይቆማል፤ ከዚያም ይሸነፋል። ስለዚህ ነጋዴም ሆነ ባለፋብሪካ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ ቁርጥራጩን በተቻለ መጠን ሳይሰብሩ በወደቀበት ቅርጽ ሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ ነው።

በኔዘርላንድ አገር የዊንደስሃይም የትምህርት ተቋም ተመራማሪዎች ይህን መንገድ ተከትለዋል። ያረጀውንና የተረፈውን ፋይበርግላስ ዱቄት ከማድረግ ይልቅ ረዘም ባለ ቁራጭ ከትፈው፣ በአዲስ ሬዚንና በአዲስ ክር መካከል አስገብተው ወፍራም ሳንቃ ሠሩበት፤ በአልሜሬ ከተማም ይህን ሳንቃ የውሃ ዳርቻ አፈር እንዳይናድ መደገፊያ አደረጉት። ውሃ የማያበሰብሰውና ምስጥ የማይበላው ዕቃ ለእንዲህ ያለ ቦታ መመረጡ ማንም የሚረዳው ነው። ከዚያም አልፎ መቍረጥን እንኳ የቀነሱ አሉ፤ በአየርላንድ በኮርክ አውራጃ በ2022 ከአገልግሎት የወጡ የነፋስ ተርባይን ክንፎች እንደ ብረት ተሸካሚ ተጋድመው የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶባቸዋል።

ድልድይ መሥራት ለአዲስ አበባ መለስተኛ ፋብሪካ ሩቅ ነው። መስኮቱ ግን ቅርብ ነው። የዘበኛ ቤት ግድግዳ ሲለበጥ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ከወጣ በኋላ ለመስኮቱና ለመግቢያው ቦታ ተለክቶ ይቈረጣል። የተቈረጠው ገጽ ያው ውፍረት፣ ያው ቀለም፣ ያው ልስልስ ጄልኮት ያለው፣ ጉድለት የሌለበት ሳንቃ ነው። በዚያው ቤት ውስጥ የዘበኛው መጻፊያ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የመስኮቱ መዝጊያ ሊሆን ይችላል፤ ለጎረቤት ባለሱቅም የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ጽሕፈት፣ የዕቃ መደርደሪያ ወለል ይሆናል። ዝናብ አያበላሸውም፤ ቀለም መቀባትም አያሻው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን ፋብሪካው ግድግዳውን ከመቍረጡ በፊት የሚቈረጠው ምን እንደሚሆን አስቦ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ማስመሩ ነው። ሠራተኛው ቁራጩ እንደሚጣል ካወቀ በግራይንደር እንዳመቸው ይሰነጥቀዋል፤ እንደሚሸጥ ካወቀ ግን በማስመሪያ ይቈርጠዋል።

ጠባቡ የጠርዝ ቁራጭም የራሱ ሥራ አለው። በታንከር ላይ ቧንቧ የሚገባበት፣ በመከላከያ ላይ ብሎን የሚያልፍበት፣ በበር ላይ ማጠፊያ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ከውስጥ ተጨማሪ ውፍረት ይፈልጋል። ለዚህ አዲስ ማት በአራትና በአምስት እጥፍ ከመለበጥ፣ የተረፈውን ጠርዝ በልኩ ቈርጦ ማጣበቅ ይቻላል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለበት፤ የጠነከረው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻከርና አቧራው ሳይጠረግ አዲስ ሬዚን ቢቀባበት ይያዝ ይመስልና ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ቁርጥራጭ መጠቀም ጥራት ያወርዳል የሚለው ወሬ ምንጩ በአብዛኛው ይህች የብርጭቆ ወረቀት ሥራ መዘለሏ ነው።

ሌላም አገልግሎት አለ። በከተማ መንገድ ዳር የሚታየው የውሃ ቈጣሪና የስልክ መስመር ጉድጓድ ክዳን ብረት በሆነ ጊዜ ለሌባ ሲሳይ ይሆናል፤ ብረቱ ዋጋ አለውና። በሌላው ዓለም ከተሞችም በዚሁ ምክንያት የፋይበርግላስ ክዳን ተለምዷል። መኪና በማይረግጠው ቦታ፣ ለግቢ ቈጣሪ ሳጥንና ለአትክልት ውሃ መክፈቻ፣ ሁለትና ሦስት ሳንቃ ተደራርቦ ከሥሩ ጎድን ተሰጥቶት ቢለበጥ በቂ ክዳን ይወጣዋል። ቆራሌው የማይገዛው መሆኑ እዚህ ላይ ብቻ ጥቅም ሆኖ ይገኛል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጠነከረው ቁራጭ ነው። ሬዚን ያልነካው የማት ቁራጭ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ የሚያስቈጨውም የእርሱ መጣል ነው። ጥቅሉ ተዘርግቶ በቅርጹ ልክ ሲቈረጥ የሚተርፈው ጫፍና ማዕዘን ምንም ያልጎደለበት አዲስ የመስታወት ክር ነው። ችግሩ ከወለል ተጠርጎ ከጠነከረው ጠርዝ፣ ከሲጋራ ቁራጭና ከጭቃ ጋር አብሮ መከመሩ ነው። በንጹሕ ማዳበሪያ ውስጥ ለብቻው ቢቀመጥ፣ ትልልቁ ለትንንሽ ሥራና ለጥገና ይውላል፤ ትንንሹም በመቀስ ተከትፎ ከሬዚን ጋር ቢለወስ የውስጥ ማዕዘን መሙያና ስንጥቅ መድፈኛ ጠንካራ ስቱኮ ይሆናል። ባለጋራዦች ለመኪና አካል የሚገዙት ስቱኮ ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የጂብሰም ሠራተኞችም የዚሁ ቁራጭ ገዢ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጣሪያና ለግድግዳ ጌጥ በሚወጣ የጂብሰም ሥራ ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ቃጫ ማስገባት የቆየ ዘዴ ነው፤ የመስታወት ክርም ለዚሁ አገልግሎት በፋብሪካ በሚወጡ የጂብሰም ሰሌዳዎች ውስጥ ይገባል። ጂብሰም መስታወቱን አይጎዳውም።

ሲሚንቶ ግን ይጎዳዋል፤ ይህም በግልጽ መነገር አለበት። የተለመደው የመስታወት ክር በእርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኃይለኛ አልካሊ እየበላው ይደክማል። ለኮንክሪት የሚሆን ልዩ የመስታወት ክር፣ ዚርኮኒያ የተባለ ማዕድን የተጨመረበት፣ ለብቻው የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ «በኮንክሪት ውስጥ ጨምረው፤ ብረት ይተካል» እያለ የማት ቁራጭ የሚሸጥ ነጋዴ ቢነሣ፣ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልቆመውን ገበያ አብሮ ያጠፋዋል። አንድ የተሰነጠቀ ጣሪያ የመቶ ጥሩ መደርደሪያ ስም ያበላሻል።

እንደዚሁም ቁርጥራጩ የማይገባባቸው ሌሎች ቦታዎች አሉ። በደንብ ያልጠነከረ ሬዚን ስታይሪን የተባለውን ሽታ ለረጅም ጊዜ ይተፋል። ስታይሪንን የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት ዕቃዎች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ምንጩ ያልታወቀ ቁራጭ ለመጠጥ ውሃ መያዣም ሆነ ለእህል ማስቀመጫ መዋል የለበትም። ላኪዎችም የቡና ጆንያ ከወለል የሚያነሱበትን ርብራብ ከዚህ ዕቃ ለማሠራት ቢያስቡ መልካም አያደርጉም፤ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ እንደሚወስድ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በርብራብ የተገኘው ቁጠባ በአንድ የተመለሰ ኮንቴይነር ይጠፋል።

በሥራው ላይ የሚገኘው ሰው ነገርም አለ። ፋይበርግላስ ሲቈረጥ የሚነሣው አቧራ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ያቆስላል፣ መተንፈሻን ያውካል። ቁርጥራጭን ወደ ዕቃ መለወጥ ተጨማሪ መቍረጥ ማለት ስለሆነ፣ ውሃ እያርከፈከፉ መቍረጥ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ከማቦነን መምጠጥ፣ የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ማዘጋጀት የሥራው አካል ሆኖ በዋጋው ውስጥ መታሰብ አለበት። አቧራ ለሚውጥ ልጅ የማይከፍል ሒሳብ ትርፍ አያሳይም፤ ዕዳውን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ነው። ቁርጥራጩን በግቢ ማቃጠልም ከዚህ የባሰ ነው፤ ጥቁር ጢስ ሰፈሩን ያስጨንቃል፣ መስታወቱም ሳይቃጠል ይቀራል። ማጠንከሪያ የተጨመረበትን ትርፍ ሬዚን በብዛት በባልዲ ትቶ መሄድ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ በጠነከረ ጊዜ በራሱ ይግላልና። በስስ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ታዲያ ለምንም የማይሆነው ድቃቂና አቧራ ወዴት ይሂድ? ለዚህ የተሻለ መልስ ያገኙት ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው። ለፋይበርግላስ የሚያገለግለው መስታወት ከሲሊካ፣ ከኖራና ከአሉሚና የተሠራ ነው፤ ሲሚንቶም የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። ሬዚኑ በእቶኑ ውስጥ ተቃጥሎ ሙቀት ይሰጣል፤ መስታወቱ ቀልጦ ከክሊንከሩ ጋር ይዋሐዳል፤ አመድ እንኳ አይተርፍም። በአውሮፓ የሙያው ማኅበር ስሌት ከዕቃው ሁለት ሦስተኛ ገደማው ጥሬ ዕቃን፣ አንድ ሦስተኛው ነዳጅን ይተካል። በሰሜን ጀርመን በሌገርዶርፍ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ ይህን ሠርቷል፤ ጃፓን ከ2005 ጀምሮ ያረጁ የፋይበርግላስ ጀልባዎችን ሰብስባ በዚሁ መንገድ የምታስወግድበትን ሥርዓት ዘርግታለች፤ በአሜሪካም በ2020 «ጄኔራል ኤሌክትሪክ» እና «ቬዎሊያ» የነፋስ ተርባይን ክንፎች በሚዙሪ ተከትፈው ለሲሚንቶ እቶን እንዲውሉ ተዋውለዋል። መጠኑ ግን ገደብ አለው፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚገኝ ቦሮን ሲበዛ የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገያልና።

በሙገር፣ በደርባ፣ በመሰቦና በለሚ የሚገኙት የኢትዮጵያ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ እቶን አላቸው። ነገር ግን ባለፋብሪካዎቹ ለጥቂት ማዳበሪያ አቧራ ብለው በራቸውን ሊከፍቱ አይችሉም። ተከማችቶ፣ ተከትፎ፣ ብረትና ቆሻሻ ተለይቶለት፣ መጠኑና ጥራቱ ታውቆ የሚቀርብ መሆን አለበት። ይህን ደግሞ አንድ ባለፋብሪካ ብቻውን አያደርገውም። በማርች 2017 የአዲስ አበባው ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ከገደለ ወዲህ፣ ለማይበሰብስ ዕቃ መጣያ ቦታ ምን ጊዜም አለ ብሎ የሚዝናና ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል።

ስለ አስመጪዎች የሚነገረው ከዚህ ይጀምራል። የፋይበርግላስ ውዳቂ ከፋብሪካው በፊት በአስመጪው መጋዘን ሊፈጠር ይችላል። ሬዚን በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ጥቂት ወራት የሚቆይ፣ በሙቀት ግን ፈጥኖ የሚረጋ ዕቃ ነው። የጅቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት በወደብ የቆየ በርሜል፣ መርካቶ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ሊያረጅ ይችላል። ማትም እርጥበት ከነካው ሬዚን በደንብ አይቀበልም። ይህን የሚያውቅ አስመጪ ጭነቱን ከሙቀቱ ወራት ያሸሻል፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ይሸጣል፣ በርሜሉ የተመረተበትን ቀን ለገዢው ሳይደብቅ ያሳያል። የማያደርገው ግን የራሱን ውዳቂ ለባለፋብሪካው በአዲስ ዕቃ ዋጋ ሸጦለታል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አስመጪው ሌላ ማንም የሌለው ጥቅም አለው፤ ማን ስንት ኪሎ እንደገዛ በደብተሩ ያውቃል። ቁርጥራጩ በየትኛው ግቢ እንዳለ ለማወቅ ከእርሱ ደብተር የተሻለ መዝገብ አይገኝም። ሬዚን ሊያደርስ የሄደው መኪናውም ሲመለስ ባዶውን ነው። ንጹሕ የማት ቁራጭና በልኩ የተቈረጠ ሳንቃ በዚያው መኪና ተጭኖ፣ ከሚቀጥለው ግዢ ላይ ጥቂት ብር ቢቀነስለት፣ ባለፋብሪካው ከነገ ጀምሮ ወለሉን በሌላ ዓይን ይመለከታል። በመርካቶ ጨርቅ ነጋዴዎች ዘንድ ከጥቅል የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ በኪሎ መሸጡ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚያም የልጆች ልብስና የትራስ ልብስ ይሰፋል። የማት ቁራጭ ከጨርቅ ቁራጭ የሚለየው ገና ተራ ስላልተመደበለት ብቻ ነው።

ዘርዛሪውም ድርሻ አለው። የቧንቧና የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ባለሱቅ በአንድ ጥግ የተለካ የፋይበርግላስ ሳንቃ፣ የቈጣሪ ክዳንና በትንንሽ ቆርቆሮ የታሸገ መድፈኛ ቢያስቀምጥ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበት ወይም ታንከሩ የተሰነጠቀበት ሰው ይገዛዋል። የሚሸጠውን ግን ከምን እንደ ተሠራ መናገር አለበት። ከቁራጭ የተሠራ ዕቃ አዲስ ተብሎ ቢሸጥ ማታለል ነው፤ ቁራጭነቱ ታውቆ በረከሰ ዋጋ ቢሸጥ ደግሞ ንግድ ነው።

መጠኑ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ድካም አይበቃም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዛሬ ለወፍጮና ለትልቅ ድርጅት አይበቃም፤ ለመኪና መመለሻና ለሱቅ ጥግ ግን ይበቃል። ደግሞም ጥቂትነቱ አይዘልቅም። በአዳማ አጠገብ በ2012 የተመረቀው የነፋስ ኀይል ማመንጫ 34፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን 3 ክንፍ አለውና በአንድ አካባቢ 408 የፋይበርግላስ ክንፎች ይዞራሉ ማለት ነው፤ የአሸጎዳውና የሌሎቹ ሳይቈጠር። የእንዲህ ያለ ተርባይን ዕድሜ 20 ወይም 25 ዓመት ተብሎ ይታቀዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ በ2030ዎቹ ከአገልግሎት መውጣት ይጀምራሉ። በአሜሪካ በዋዮሚንግ በካስፐር ከተማ እንዲህ ያሉ ክንፎች ተቈራርጠው ጉድጓድ ውስጥ በሰልፍ ተቀብረዋል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የሚቀርበው ጨረታ የመቅበር ይሁን የመግዛት፣ ፋይበርግላስን መቍረጥ፣ መለየትና መሸጥ የሚያውቅ ነጋዴ በመኖሩና ባለመኖሩ ይወሰናል። ያንን ሙያ ደግሞ ከ37 ሜትር ክንፍ ላይ መማር ከዘበኛ ቤት መስኮት ላይ ከመማር እጅግ የከበደ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ሦስት ማዳበሪያ በአንድ ፋብሪካ ነው፤ አንዱ ሬዚን ላልነካው ማት፣ አንዱ በልክ ለተቈረጠ ሳንቃና ጠርዝ፣ አንዱ ለድቃቂው። በየማዳበሪያው ላይ የሬዚኑ ዓይነትና የሳምንቱ ቀን ቢጻፍ፣ ገዢው ሳይፈታ ያውቀዋል። ማዳበሪያውን የሚገዛው አስመጪው ይሁን ባለፋብሪካው፣ ቅናሹም በኪሎ ይሁን በቁጥር፣ ሁለቱ በሚቀጥለው የሬዚን ግዢ ላይ ተቀምጠው ሊጨርሱት የሚችሉት ነው።